«ጎረቤት»ን ላስመዘገቡልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የኩባንያው የንግድ ምልክት ጥበቃ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጠበቆችዎስ ወገብ ከመቀመጥ ብዛት አልታመመም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔና ቀጭኑ የምንለው ጓደኛዬ በልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጓዳ፣ በእሱ መብራት፣ የክሊኒክ ታካሚዎችን ወረፋ የሚያስይዝ ሶፍትዌር ሠርተን ማንም በነጻ እንዲወስደውና እንዲያሻሽለው ለቀቅነው፤ ስሙንም ለባለውለታችን ብለን «ጎረቤት» አልነው። እርስዎ ደግሞ ስሙን በኩባንያዎ የንግድ ምልክትነት አስመዝግበው፣ ዳግም እንዳልጠቀምበት በማኅተም አስጠነቀቁኝ። ስም ማውጣቱን እንጂ ማስመዝገቡን ረስተን ነበርና ስላስታወሱን እናመሰግናለን። ቅሬታዎቼ ግን እነሆ፦

፩ኛ. ኮዱን ክፍት አድርገው ስለተዉልን ቸርነትዎ ወሰን የለውም። ነርሶቹ ያመኑት ስሙን ነበርና፣ አሁን የእኛን ቅጂ በሌላ ስም ሲያዩት አስመስሎ የተሠራ ነው እያሉ ይመልሱብናል። የገዛ ልጄ አባት መሆኔን የሚመሰክርልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።

፪ኛ. ቀጭኑን ቀጥረውታል። ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል፤ ውሸቴን ነው፣ ቀንቻለሁ። በእኛ ደንብ አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አይቶ «ይሁን» ሳይለው ሶፍትዌሩ ውስጥ አይገባም፤ ቀጭኑም ፊቱን ሳይታጠብ ደውሎ አይቼው እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። ዛሬ «ይሁን» የሚሉለት የእርስዎ ሰዎች መሆናቸውን እያወቅሁ ጠዋት ጠዋት ስልኬን አያለሁ።

፫ኛ. «ጎረቤት»ን የኩባንያዎ ብለው ባስመረቁበት ግብዣ ላይ አርማዎ የታተመበትን ካናቴራ ለልብስ ሰፊው ሳይቀር ሰጥተውታል። የተተረተረውን እጅጌ ራሱ ሰፍቶ በኩራት ለብሶት ይውላል። እኔ አልተጠራሁም። ብጠራም አልመጣም ነበር፣ መጠራቱን ግን እወደው ነበር።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የራሴንም ስም ያስመዘገበ ሰው አለመኖሩን እስካጣራ ድረስ ከመፈረም የምታገሥ፣

ስሙ የማይጠራው ሶፍትዌር አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ቀጭኑ የቢሮዎን አዲስ ኮድ በቆየ ልማዱ ተሳስቶ ለእኔ ላከው። ሁለት ታካሚዎችን በአንድ ተራ ቁጥር የሚጠራ ስህተት አገኘሁበት። እንዳላየ ሆኜ ልተወው ቃጥቶኝ ነበር፤ ወረፋ የሚጠብቁት ግን ምንም አላጠፉም፣ ስለዚህ አርሜ «ይሁን» ብዬ መለስኩለት። ስሙ የእርስዎ ነው። ቀጭኑ አሁንም መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን መሆኑን ግን፣ ከተቻለዎት፣ ይህንንም ያስመዝግቡት።