ያንተ አልቆ፣ የኔ ተሳስቶ

ከድሬ፣ የሂክማ አባት፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ግቢያችን ያለው አቮካዶ ዘንድሮ ያለ ልክ አፍርቶ ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሏል፤ ጎረቤት ሁሉ እየወሰደ እንኳ አላለቀም። መሃል ከተማ ያለውን የመጋረጃ ሱቅህን አልዘጋሁትም። ጠዋት እኔ እከፍታለሁ፣ ከሰዓት ሂክማ ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ መጥታ ታግዘኛለች። አንተ በክንድህ እየለካህ ትመርቅላቸው የነበረውን ጨርቅ እኔ በሜትር ስለምለካው የድሮ ደንበኞችህ ቅር ይላቸዋል። ደህና ነኝ ልልህ ነበር የጀመርኩት። ግን ደህና መሆኔንም አለመሆኔንም አላውቅም፤ የምጽፍልህም ግራ ስለገባኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው የአራት ወር ከአሥር ቀን የሐዘን ኢዳዬን ጨርሼ ከቤት መውጣት በጀመርኩ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ሻሼ ግንባሬን ጠበቅ የሚያደርግበት ቦታ አሳከከኝ። ቀጥሎ ክንዴ፣ ሆዴ፣ ጭኔ ላይ ቀይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ወጣ፤ አንዳንዱ ሳንቲም የሚያክል፣ አንዳንዱ እርስ በርሱ ተያይዞ ካርታ የሚመስል። ቁንጫ ነው ብዬ አንሶላውን ሁሉ ቀቀልኩ። ሽፍታ ወጣብኝ ብልህ ኖሮ፣ «ሽፍታ ከሆነማ ለፖሊስ ነው እንጂ ለሐኪም አይነገርም» ብለህ ትስቅብኝ ነበር።

የባሰው ደግሞ መጥፋቱ ነው። ጠዋት የወጣው ማታ የለም፤ በማግስቱ ሌላ ቦታ ይነሳል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተራዬ እስኪደርስ ቆዳዬ ጥርት ይላል። ነርሱ ክንዴን አገላብጦ አየና «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። የማሳየው ነገር አጥቼ እንደ ውሸታም አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አሹኝ። እህትህ ሙኒራ «ዓሣ ነው፣ ተይው» አለችኝ። ዓሣ ተውኩ። እንቁላልም፣ ወተትም፣ በርበሬም ተውኩ። ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ፤ ሽፍታው ግን እንዳለ ነው።

ከዚያ ሙኒራ የሹራብህን ነገር አነሳች። ያን ቡናማ የሱፍ ሹራብህን ለትራሴ አልብሼ ነበር የምተኛው። «ሱፉ ነው የሚያሳክክሽ። የሟች ልብስም ቤት ውስጥ ባይቆይ ይሻላል፣ ሰደቃ አድርጊው» አለች። ለክፋት አላለችውም። አጥቤ፣ አጣጥፌ ሰጠሁት። በማግስቱ ከበፊቱ ብሶ ወጣብኝ። አሁን አንድ የባጃጅ ሹፌር ለብሶት አየዋለሁ፤ እጅጌው ረዝሞበት አጥፎታል። ባየሁት ቁጥር ደስ ይበለኝ ወይ ልከፋ አላውቅም። አንድ ቀን እጄን ዘርግቼ አስቆምኩትና ምንም ጉዳይ ወደሌለኝ ሰፈር ተሳፍሬ ሄድኩ። ጀርባውን እያየሁ ሄጄ፣ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ጭንቅ የሆነው ግን ሱቅ ውስጥ ነው። ለአንዲት ሙሽራ መጋረጃ እየለካሁ ሳለ ከንፈሬ ከበደኝ። ሂክማ ቀና ብላ ስታየኝ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። «እማ፣ ፊትሽ!» አለች። መስታወት ውስጥ ያየኋትን ሴት አላውቃትም፤ ከንፈሯ አብጦ አፍንጫዋን ሊነካ ነው፣ አንድ ዓይኗ ተደፍኗል። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለን ወደ ሆስፒታል በረርን። ሂክማ መንገዱን ሁሉ «መተንፈስ ትችያለሽ? ትችያለሽ?» ትለኛለች። አንተን ያመላለስንበት መንገድ ነው። ከድሬ፣ ለራሴ አልፈራሁም። ይህች ልጅ በዚህ አስፋልት ላይ አባቷንም እናቷንም ልታጣ ነው ብዬ ነው የፈራሁት።

መርፌ ወጉኝ፣ እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ። ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩኝ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። የዚያን ቀንም ቆዳዬ ጥርት ብሎ ነበር የጠበቃት። እሷ ግን ሂክማ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አየችና በእስክሪብቶ ክዳን ክንዴን ቀስ አድርጋ ጫረችው። ትንሽ ቆይቶ የጫረችው መስመር ቀላና ገመድ የተለጠፈበት መስሎ ተነሳ። «ይኸው፣ እውነትዎን ነው» አለችኝ። አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን አልገባኝም።

ተቀምጣ አስረዳችኝ። ከቆዳችን ሥር ሂስታሚን የሚባል ነገር የያዙ ሕዋሳት አሉ። የሰውነት መከላከያ ጠላት መጣ ሲላቸው ይለቁታል፤ ያኔ ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክካል። አንዳንዱን ሰው ዓሣ ወይም መድኃኒት ያስነሳበታል። እንደኔ ወራት የቆየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ አይደለም፤ ምንም ጠላት ሳይመጣ መከላከያው ራሱ በስህተት ይቀሰቅሳቸዋል። ሐዘን ሊያባብሰው ይችላል፤ ሐዘን አመጣው ብዬ ግን አልነግርዎትም አለች። «ታዲያ ምን አመጣው?» አልኳት። «ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይገኝም» አለችኝ።

መከላከያ ያለችው ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ይህን ቃል ያወቅሁት በአንተ ነው። ደምህ ውስጥ የገባውን ካንሰር አዲስ አበባ ሲያክሙህ ከርመው፣ «የመከላከል አቅሙ አልቋል፣ ሰው እንዳይጠጋው» ብለው ወደ ሐዋሳ የመለሱህ ጊዜ። ያገኘኸውን ሁሉ ካላቀፍክ ሰላምታ የማይመስልህ ሰውዬ፣ ጓደኞችህን በመስኮት ማነጋገር ጀመርክ። «ጉንፋናችሁን በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ!» እያልክ ታስቃቸው ነበር። ጥሬ ዓሣ ክልክል ነው ሲሉህ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ያስኮረፈህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በኋላ ሌላው ሰው በዝንጅብል ሻይ የሚያልፈው ሳል አንተን ወሰደህ።

ስለዚህ ሐኪሟን ጠየቅኳት። «የባለቤቴ መከላከያ አልቆ ነው የሞተው። የኔ ደግሞ ተርፎ ነው?»

«አልተረፈም እናቴ፣ ተሳስቶ ነው። በርትቷል ማለት አይደለም» አለችኝ።

ይህን ለራሴ ላስረዳ ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ያንተ አልቆ፣ የኔ ተሳስቶ። ያንተ የመጣውን ጠላት መመለስ አቃተው፤ የኔ ማንም ሳይመጣ ይጮኻል። አንድ አልጋ ላይ የተኛን፣ ከአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን። ጥቂቱን እንኳ ላካፍልህ የምችል ነገር ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ደግሞ የተሳሳተው ምን ያደርግልህ ነበር እላለሁ። ሶላት ላይ ቆሜ ሳይቀር ይህንኑ አስባለሁ፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል።

በየቀኑ የምውጠው ኪኒን ሰጥታኛለች። ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ዓመታትም፤ ከዚያ እንደመጣ ይሄዳል ብላኛለች። እንደዚያ ቀን ፊትዎ ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ ተብያለሁ። ዓሣውንም ይብሉ ስለተባልኩ ባለፈው እሁድ ከሂክማ ጋር ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄድን። ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶልን እየፈራሁ በላሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ማክሰኞ ግን ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ሽፍታው አንገቴን ወረረኝ። ምን ነካሁ፣ ምን በላሁ እያልኩ ዋልኩ። አጣሁት።

ያን እሁድ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሻጯ ሎሚ ይዛ መጥታ «ዓሣው ላይ ልጭመቅበት?» ስትል ሂክማ ከስልኳ ቀና ሳትል «ግማሹ ላይ አይጨመቅ፣ አባቢ አይወድም» አለቻት። ከአፏ ካወጣችው በኋላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አየችኝ። ሻጯ ሌላ ሰው የሚመጣ መስሏት አንድ ወንበር ጨመረችልን። ይነሳ አላልኩም። ሂክማም አላለችም። ሎሚ ያልነካውን ግማሽ ተካፍለን በላነው።

«አይወድም ነበር» በይ ብዬ አላረምኳትም፤ ወደፊትም አላርማትም። ሌላው ሁሉ ይምታታብኝ። አንተ ሎሚ አትወድም ከድሬ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያ ብዬ ነው የምነግረው።

ያንተው
ረሂማ