ከኋላ የቆመችው አክስቴ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 24፣ 2007
ከፋብሪካ ቀጥታ ወደ ፎቶ ኩርስ። አዲሱ ካሜራ ከባድ ነው፣ አንገቴን አመመኝ። አስተማሪያችን ሽሎሞ «አውቶማቲኩን እርሱት» አለን። ረሳሁት። ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ሁሉ ጥቁር ወጣ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 1
ስለ ሌንሱ ቀዳዳ ተማርን። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ለምን? እንዲህ ነው፣ አለ ሽሎሞ። ሲሰፋ ፊት ያለው ጥርት ይላል፣ ኋላ ያለው ይደበዝዛል። ባለሙያ የሚያስመስለው ይኼ ነው አሉ።
ቤት ገብቼ ሎሚ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጬ ሞከርኩ። ሎሚው አማረ። እማዬ ግን ዜናው ተከለለባት።

እሑድ፣ ሜይ 6
ሽማግሌዎች እማዬንና አክስቴን ፈንታነሽን ዓርብ ሊያስታርቁ ነው። በስንት ልመና... ከሰባት የእናት ልጆች የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እዚሁ እስራኤል፣ ዶራ ሰፈር፣ አንዷ ከአንዷ ሁለት ሕንፃ ርቀው እየኖሩ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አይነጋገሩም። አክስቴ በልጇ ሰርግ እማዬን ከኋላ፣ ከጎረቤት ጋር አስቀመጠቻት። ቦታ የመደበው አውላሙ፣ የሰርግ አዳራሹ ነው ትላለች። እማዬ አታምንም።
ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን እማዬ ቀና ትላለች። ታሳዝነኛለች።

ዓርብ፣ ሜይ 11
ታረቁ። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። ሽማግሌው አቶ አቻምየለህ መረቁና «ቢምረው፣ በል አንሳቸው» አሉኝ። እማዬ ታላቅ ናትና ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ አክስቴ ከኋላዋ ቆመች። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እማዬ ዓይን ላይ አነጣጠርኩ። ኮራሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 15
ፎቶውን አሳጥቤ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ለአክስቴ ወሰድኩላት። እማዬ ጥርት ብላለች፣ የነጠላዋ ጥለት ክር በክር ይታያል። አክስቴ... ሰው መሆኗ ያስታውቃል።
ብዙ አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።
«እናትህ ናት እንዲህ አርግ ያለችህ?»
አይደለም አልኩ። ስለ ቀዳዳው አስረዳኋት። ቁጥሩ ሲያንስ እንደሚሰፋ ጭምር። ባልናገር ይሻል ነበር።
«ሰርጉን መበቀሏ ነው። ገብቶኛል በላት» አለች።

ረቡዕ፣ ሜይ 16
እማዬ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደወለች፣ አክስቴ አላነሳችም። እራቷን ሳትበላ ተኛች። ዓመት ሙሉ የተለመነ እርቅ፣ በእኔ ቀዳዳ...

ሰኞ፣ ሜይ 21
ለሽሎሞ ደወልኩ። ቀዳዳውን አጥብበው፣ ቁጥሩን 11 ላይ አድርገው፣ ሁለቱም ይጠራሉ አለኝ። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ኩርሱ ገና አላለቀም፣ አለ።
አክስቴን እንደገና ላንሳችሁ ብላት፣ ከኋላ መቆም ይበቃኛል አለችኝ። ለእማዬ ነገርኳት።

ዓርብ፣ ሜይ 25
እማዬ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ «ማጽሌማህን ያዝ» አለችኝ፣ ካሜራዬን ማለቷ ነው። የአክስቴ ሕንፃ ሊፍት የለውም። በዚያ ጉልበቷ፣ እያረፈች፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። አክስቴ በሩን ከፈተች። እማዬ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ወንበር ሳበች፣ አክስቴን አስቀመጠቻት፣ ራሷ ከኋላዋ ቆመች።
«አሁን እኔን አደብዝዘኝ» አለችኝ።
እንባዬ መጣ። ካሜራው ፊቴን ሸፈነልኝ። 11 ላይ አደረግኩት። አክስቴ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የእማዬን እጅ ያዘች። ያን ጊዜ አነሳሁ።
ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ሁለቱም ጥርት ብለዋል። የፊታቸው መስመር አንድም አልቀረ።
«ይኼን ያህል አርጅቻለሁ?» አለች አክስቴ።
«አይዶለም እህቴ» አለች እማዬ። «ልጁ አያውቅበትም።»

እሑድ፣ ሜይ 27
ከሥራ ስገባ እማዬ የለችም። ሲመሽ ከአክስቴ ጋር ተያይዘው፣ እየሳቁ መጡ። ከተማ ፎቶ ቤት ሄደው ሌላ ሰው አንስቷቸዋል። ለቢምረው እንዳንነግረው ተባብለው ነበር። አክስቴ ሳቋ አመለጣትና አወጣችው።
ፎቶው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ልክ አይደለም። ግድግዳችን ላይ ሊሰቅሉት ሚስማር የመታሁት ግን እኔ ነኝ።