ልቡ አጥር ሥር የወደቀው መቅመቆ

ዲላ፣ መጋቢት 1958 ዓ.ም.

ውድ እማማ አትጠገብ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ ደህና ነን፤ ልጅዎ ወንድይፍራውም ማስተማሩን ይዟል፣ ጾሙ እንኳ አላከሳውም። እኔ ግን ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ጮቤ እየረገጥኩ ነው! ሰላምታዬን ላሳጥርና ወደ ነገሬ ልግባ፣ አላስቻለኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለመስቀል ከቡልጋ ድረስ መጥተው ወጤን ሲቀምሱ፣ «ቅቤው ምነው ነጣ? መቅመቆ አታውቁም እንዴ?» አሉኝ። ከቋጠሮዎ አንድ አፈር የለበሰ ሥር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩና፣ «ይህን ጓሮሽ ያበቀልሽ ለት ምራቴ እልሻለሁ» አሉ። እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ከኛ ጋር ሲሰነብቱ አንድ ቀን ሙሉካ ብለው አልጠሩኝም። «አንቺ ልጅ» ነበርኩ። ምን ልደብቅዎ፣ እማማ፣ አንጀቴን አቃጥሎኝ ነበር።

እንግዲህ እኔ የጌዴኦ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት እንሰት ሲተከል እያየሁ ነው። እንሰት ስናባዛ ሥሩን ቆርጠን፣ መሐል ልቡን ፈልፍለን አውጥተን፣ ፍግ አልብሰን እንቀብረዋለን፤ ዙሪያውን ችግኙ እንደ ጉድ ይፈላል። የእርስዎንም ሥር እንዲያው አደረግሁት! አናቱ ላይ ያለውን ልብ በቢላ ፈልፍዬ ወደ አጥሩ ወረወርኩ፤ የቀረውን እንሰቱ ጥላ ሥር ቀብሬ ጠዋት ማታ ውኃ አጠጣሁ። ብጠብቅ ብጠብቅ ወፍ የለም። ስቆፍረው በስብሷል። ጎረቤቴ እትዬ ይመኙሻል፣ እሳቸውም የሸዋ ሰው ናቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አይ አንቺ! የሚበቅልበትን ቆርጠሽ ጥለሽ?»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እርስዎ ስለ መቅመቆው በጻፉ ቁጥር ልጅዎን «እየሞከረች ነው በላቸው» እለው ነበር።

ታዲያ ዝናቡ ከጣለ በኋላ አንድ ቀን ዶሮ ሳባርር አጥሩ ሥር፣ ሣር እንኳ በማይዘው ድንጋይ መሐል፣ አንድ ቅጠል አየሁ። ቀጠፍ አድርጌ ቀመስኩት፤ ይኮመጥጣል። እትዬ ይመኙሻልን ጠራኋቸው። «እሰይ! ራሱ ነው! ልቡ ነው የበቀለው!» ብለው እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ ፍግም ውኃም አላልኩም፣ ተውኩት።

ዘንድሮ በጋው አቃጠለን። ጎመኔ ደረቀ፣ ጎደሬው ጠወለገ፣ የቡናው ቅጠል ተጠቀለለ። የእርስዎ መቅመቆ ግን እኔን በቁመት በልጦ አረንጓዴ እንደሆነ ቆሟል። ከጪጩ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ቆም ብለው «ምንድን ነው እሱ?» ይሉኛል። «የአማቴ ነው» እላለሁ፣ ኮራ ብዬ።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤዎ ደረሰ። ጃርት መቅመቆዎን ቆፍሮ ለዘር እንኳ አላስቀረም ይላል፤ «ለፋሲካ ቅቤዬን በምን ላንጥር?» ይላል። ጃርቱን እግዜር ይይለት፤ ግን ልዋሽዎ? ልቤ በደስታ ዘለለ! ያኔውኑ ከሥሩ ቆፈርኩ፣ አጠብኩ፣ ወቅጬ ከቅቤው ጋር ጣድኩ። ወርቅ የመሰለ ቢጫ ወጣው። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጾም ነውና አልቀመሰም፤ ብቻ፣ «ይሄ የእማዬ ቤት ሽታ ነው» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ የሚሲዮን ልጅ ለሁለታችንም ቀመስኩ።

ይኸው በአውቶቡሱ ሾፌር በአቶ ተሻለ እጅ አንድ ቅል ቅቤ ልኬያለሁ። በኮባ የተጠቀለለው ደግሞ ለዘር የሚሆን ሥር ነው። ደረቅ ቦታ ይትከሉት፣ ውኃ አያብዙበት። ልቡን ደግሞ አደራ፣ እንዳይነኩብኝ!

ያሉኝን አድርጌያለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ቃል ነው። በፋሲካ ዕለት ቅቤውን ቀምሰው ይበሉኝ፣ ከቡልጋም ሆነው ቢሉኝ እሰማዎታለሁ። እኔማ እስከዚያ መጠበቅ አቅቶኝ፣ ይኸው አስቀድሜ ፈረምኩ፦

ምራትዎ
ሙሉካ