የዘጋሁባት መንገድ

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ አመተሥላሴ፤ ክረምቱ ዓለም ከተማ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እዚህ ሞላሌ፣ በጉሙ መሀል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ያቺ ጎረቤቴ ወለተ ኢየሱስ በማኅበርተኛው ፊት ጠላዬን «ውሃ ነው» ካለች ወዲህ የማርያም ማኅበሩን ትቻለሁ። በግቢዬ አቋርጣ ወደ ምንጭ የምትወርድበትንም መንገድ በእሾህ ዘጋሁባት። ደጄ ላይ የበግ ፀጉር እየፈተልኩ፣ ጀሪካኗን አዝላ በጭቃው ስትዳክር ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ሌላ ሰው በዚህ ዝናብ ወደኔ አይመጣም፤ ማንንም አልፈልግም።

ትናንት ግን አላለፈችም። ዛሬም የቤቷ ጭስ አልታየኝም፤ ጉሙ ይሆናል። እሾሁን ጠዋት በሰው ልክ ከፈት አድርጌዋለሁ፤ ለበጎቹ ብዬ ነው። አሁን ከጠላዬ ቀድቼ ልሄድባት ነው፤ እስቲ ፊት ለፊቴ «ውሃ ነው» ትበለኝ!

እግዚአብሔር እርስዎን ለመስከረም ያብቃልኝ፤ ለበቀሌ ስል እሷንም።

እህትዎ ሸዋአለም