በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል

ቦሌ ሚካኤል፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ገንዘቤስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ብሷል ሲሉ ሰምቼ ስለ አንተ አሰብኩ፤ ጋቢህን ደርበህ እንደምትወጣ ተስፋ አለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ታቦታችን ከትናንት ወዲያ በሰላም ገብቷል፤ እግሬ እስኪያብጥ ሸኝቼ ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን “ሰላም ነሽ? እኛም ሰላም ነን” ብለህ ትዘጋለህ። አባባ ካረፉ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ አላወራንም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ደብዳቤ መሀል ላይ አይዘጋም።

ወንድምዓለም፣ ተሳካልኝ! ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ መጀመሪያ አንተ እንድትሰማው ፈልጌ ነው።

ከሥሩ ልንገርህ። ጤና ጣቢያችን ማክሰኞና ሐሙስ የደም ግፊት ሕሙማንን ያያል። ስንት ዓመት የሰው ክንድ እየጠቀለልኩ ቁጥር ስጽፍ ኖሬአለሁ። የላይኛው ቁጥር ከመቶ አርባ ካነሰ “ጥሩ ነው፣ መድኃኒትዎን ይቀጥሉ” እንላለን፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከአባባ በኋላ ግን ቁጥሩን እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። የእሳቸውን ካርድ ስንቴ አውጥቼ እንዳየሁት አልነግርህም። የመጨረሻው መስመር መቶ ሠላሳ ስምንት በስልሳ ይላል። ከጎኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ “ጥሩ” ተብሎ ተጽፏል። ለቅሶ የመጣህ ቀን ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አንተም ሳታውቀው አልቀረህም።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ሰባ ስምንት ነበር። ከልብ ደም የሚያወጣው ደም ቅዳ ሲደነድን የላይኛው ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል፣ ርቀቱ ይሰፋል። ይህ በመጽሐፍ ያለ ነገር ነው። መደንደኑን በትክክል የሚለካ ማሽንም አለ፤ ግን እንደ እኛ ያለ ጤና ጣቢያ ከየት ያመጣዋል? እኔ ያደረግኩት አንድ ገጽ ወረቀት ማዘጋጀት ነው። የሰውየው ዕድሜ፣ ግፊቱ ከታወቀ ስንት ዓመቱ ነው፣ የወገቡ ልክ፣ ስኳር አለበት ወይ፣ የልብ ምቱ ስንት ነው፣ ደግሞ ያ ርቀት። እያንዳንዱ ነጥብ አለው፤ ድምሩ ከአሥር ስድስትና ከዚያ በላይ ከመጣ ደም ቅዳው ደንድኗል ብለህ ትጠረጥራለህ። ሁለት ዓመት የምሳ ሰዓቴን የበላው ይህ ወረቀት ነው።

ዶክተር አብኔዘር፣ ወጣቱ ሐኪማችን፣ ሲያየው ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። “ሲስተር፣ በሜትርና በወረቀት የሰው ደም ሥር ውስጥ አይታይም። ቁጥሩ የተስተካከለለትን ሰው ባታስፈሪው” አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው ያለኝ።

ያስፈራሁት ሰው ሙነወር ይባላል። ከሰሚት መገናኛ ሚኒባስ የሚነዳ የወሎ ሰው ነው፤ ሃምሳ አንድ ዓመቱ። ግፊቱ መቶ ሠላሳ ስድስት በሃምሳ ስምንት ነበርና ዶክተሩ ጎበዝ ይለዋል፤ የእኔ ወረቀት ደግሞ ዘጠኝ ሰጠው። ስነግረው ተናደደ። “እህቴ፣ ሐኪሙ ደህና ነህ ይለኛል፣ አንቺ ማኒኮቶህ ደርቋል ትይኛለሽ። ማንን ልመን?” አለኝ። ማኒኮቶ የራዲያተሩን ውሃ የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ ነው። ወዲያው ግን ድምፁን ቀንሶ “እሱም ቢሆን እስኪፈነዳ ድረስ ከውጭ ደህና ይመስላል” አለ። “የሚለካ እስኪገኝ እኔንም አትመን፤ ቀጠሮህን ግን እንዳትቀር” አልኩት።

የሚለካውን ያገኘችልን ፕሮፌሰር ሊድያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ቢሮዋ ሦስት ጊዜ ሄጄ አጣኋት፤ በአራተኛው ወረቀቴን ቆማ አነበበችው። ማሽኑን ለአራት ወር ተውሳ አመጣች፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀችኝ። ማሽኑ ሰውን ሳይነካ የእያንዳንዱን ግምት ጽፌ በኤንቨሎፕ አሽጌ እሰጣታለሁ፤ ሁሉም ተለክቶ እስኪያልቅ አይከፈትም። መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው አስመዘገብን። ማሽኑ የልብን ምት አንገት ላይና ጭን ላይ ይይዝና ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ያህል ፍጥነት እንደደረሰ ያሰላል። የደነደነ ደም ቅዳ ምቱን ያስሮጠዋል፤ በሰከንድ ከአሥር ሜትር ካለፈ ደንድኗል ይባላል። እኔ ክፍሉ ውስጥ እንድገባ እንኳ አልተፈቀደልኝም። ውጤቱ በቀጥታ ለሐኪሙ ይሄዳል፤ ተለኪዎቹም ለእኔ እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል። ሙነወር ሁለት ወር በር ላይ ባገኘኝ ቁጥር አፉን በእጁ ይዞ ያልፈኝ ነበር። ደህና ሆኖ ይሁን ታሞ፣ ምኑ ይታወቃል!

ውጤቱ የተነበበው ባለፈው ሐሙስ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ነው። ሐኪሞችና የጤና ቢሮ ሰዎች ሞልተውታል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እጄን የማደርግበት አጥቻለሁ። ሊጀመር ሲል በሩ ላይ ጫጫታ ተነሣ። ሙነወር የዕለት ሥራውን ትቶ ከቦሌ ሚካኤል አሥራ አራት ሕሙማን በሚኒባሱ ጭኖ መጥቷል! ጥበቃው የጥሪ ወረቀት ሲጠይቅ ሐቢባ የምትባል የሰባ ዓመት ባልቴት “የተለካነው እኛ፤ ሌላ ማን ሊጠራ ነበር?” ብላ አልፋው ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ፕሮፌሰሯ ኤንቨሎፑን በሁሉ ፊት ቀደደች። ማሽኑ ስልሳ አንድ ሰው ደንድኗል ብሏል አለች፤ ከስልሳ አንዱ ይህ ወረቀት አስቀድሞ ሃምሳ ሁለቱን አውቋል። አዳራሹ ገና ሳያጨበጭብ ሐቢባ እልልታዋን ለቀቀችው። ፕሮፌሰሯ እየሳቀች “እናቴ፣ ይቆዩ፣ ስህተቱ ገና አልተነበበም” ብትላት “አንብቢው! ልጃችን አትፈራም” አለቻት። ተነበበ። ዘጠኙን ስቻለሁ፤ ሃያ ሦስቱን ደግሞ በከንቱ አስፈርቻለሁ። አልደበቅኩም፤ ለአንተም አልደብቅም።

ከዚያ ዶክተር አብኔዘር ሳይጠራ ተነሣ። የሙነወር ውጤት አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ስለመጣበት ሃያ አራት ሰዓት ግፊቱን የሚለካ መሣሪያ አስሮለት እንደነበር ተናገረ። ለካ እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚስተካከለው ግፊት ሲተኛ ይወጣል። “ቁጥሩ አታሎኝ ነበር። ሲስተር ባትኖር ጎበዝ እያልኩ እሸኘው ነበር” አለ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። መድኃኒቱ ተቀይሮለት አሁን ሌሊቱም ተስተካክሏል። ሙነወር ከኋላ ሆኖ “ይኸው ቆሜአለሁ!” ብሎ ሲጮህ እኔ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። አብኔዘር ተከትሎኝ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከየካቲት ጀምሮ ወረቀቱ በአራት ጤና ጣቢያዎች ይሞከራል።

አባባን በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንዳሰብኳቸው አንተ ታውቃለህ።

አሁን የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርህ። ማሽኑ ሊመለስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለማክሰኞ፣ ጥር 20፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ሰኞ መጥተህ እኔ ዘንድ ታድራለህ፤ ጠዋት ቡናም ሲጋራም የለም። ገንዘቤ ምንም አልነገረችኝም፤ በእሷ እንዳትቆጣ። ደረጃው ላይ ስለመውደቅህም፣ ከመስከረም ጀምሮ ክኒኑን ስለመተውህም አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም።

ከማሽኑ በፊት ግፊትህ በክንድህ ይለካል። ከሁለት ነርሶች አንዳችን ነን የምንለካው፤ ሌላዋ ጎበዝ ናት፣ እሷን ብትመርጥ አይከፋኝም። እኔ ብለካህ ግን ደስ ይለኛል። ከፈቀድክልኝ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ አድርሰህ ለማየት ያብቃህ፤ መንገድህን ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቅልህ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ