መብራት ከጠፋ በኋላ ስለቀጠለው ሙዚቃ የቀረበ ማብራሪያ

ለተከበሩ የከተማችን የሕዝብ አዳራሾች አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ምክትልዎም፣ ቢሮዎ መስኮት ላይ ውኃ የሚያጠጣት ያጣችው አበባም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ጆሮዎ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኛ ደኅና ነን። በአዳራሽዎ ካሳለፍነው ቅዳሜ በኋላ ደኅና መሆናችን ለራሳችንም ይገርመናል።

ባለፈው ሰኞ በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ በአባቴ የሰባኛ ዓመት ልደት ላይ «የድምፅ መቆጣጠሪያ መሣሪያው ኃይል ካቋረጠ በኋላ ሙዚቃው የቀጠለበትን ምክንያት» በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳብራራ፣ ካላብራራሁ ግን ቤተሰባችን ሁለተኛ አዳራሹን እንዳይረግጥ እንደሚደረግ በታላቅ ትሕትና ገልጸውልኛል። መልሴን በግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁት እርስዎን ላሳጣዎ ብዬ አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተው በዚያው ስለቀሩ፣ ሦስተኛውን ብዙ ሰው ቢያየው ፍለጋው ይቀላል ብዬ ነው። ለቋንቋውም አይጨነቁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ስሠራ እንደ እርስዎ ዓይነት ደብዳቤ በቀን ስድስት ሰባት ተይቤያለሁ።

አስቀድሞ አባቴን ላስተዋውቅዎ። የሽመና ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠገናቸው ማሽኖች ውለታውን የመለሱት ጆሮውን በመብላት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ በፋብሪካው ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ግራ ጆሮው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቀኙን ሐኪሙ መርምሮ የቀረው የወራት ዕድሜ ነው አለን። ከስልክና ከቴፕ የሚወጣ ሙዚቃ ለእሱ የአሸዋ ድምፅ ነው፤ ሰው ከፊቱ ቆሞ ሲጫወትለት ግን ይሰማል። ስለዚህ ለልደቱ ምን እንስጠው ብለን አልተጨነቅንም። ባንድ እንጥራለት አልን። ባንድ መጥራት ማለት ባንድ መጥራት ብቻ መስሎን ነበርና፣ ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ ላመስግንዎ። በአዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ ለማሰማት የሚሞላው ቅጽ አራት ገጽ ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ሙዚቀኛ መሣሪያ ከነመለያ ቁጥሩ ይጠይቃል። የድምፃዊቷ መሣሪያ ጉሮሮዋ ስለሆነ ቦታውን ባዶ ብተወው «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ። የመታወቂያዋን ቁጥር ስጽፍበት አለፈ። ስለዚህ ያቺ ልጅ በመዝገብዎ ውስጥ እስከ ዛሬ ከዕቃ ጋር ተቆጥራ ትገኛለች፤ ጊዜ ሲያገኙ ቢያስወጧት ደስ ይላታል። ዐሥራ አራተኛው ጥያቄ ደግሞ «ሙዚቃው የሚሰማበት ምክንያት» ይላል። «አባቴ እንዲሰማ» ብዬ ጻፍኩ። የመስኮቷ ሠራተኛ ምክንያቱ በቂ እንዳልሆነ፣ ትንሽ እንዳብራራው ነገረችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ተገትሮ፣ በዚያች ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ የአባቴ ጆሮ ሊዘጋ መሆኑን ለማላውቃት ሴት ልናገር ስል እንባዬ ቀደመኝ። እሷም ደንግጣ፣ በቃ በቃ «ለመዝናኛ» በይው ብላ በራሷ እስክሪብቶ ጻፈችልኝ። ስሟን አልጠቅስም። የሰው ልብ ያላት ሠራተኛ እንዳለችዎ ካወቁ እንዳያዛውሯት እሰጋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሊፍቱ። ባንዱን የሚመራው ሰው ሁላችንም ሻምበል የምንለው፣ ከወታደር ሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ መድረኩ ስንት ሶኬት እንዳለው፣ አባቴ ድሮ ምን ይጫወት እንደነበር። የእርስዎ አራት ገጽ ሦስተኛውን ለመጠየቅ ቦታ አጥቶ ነበር። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ላይ ደግሞ «ለቤት ዕቃ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥበቃው፣ ድምፅ ማጉያ የቤት ዕቃ አይደለም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሻምበል አልተቆጣም። ከአዳራሹ የጠረጴዛ ልብስ አስመጥቶ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ላይ አለበሰ፣ ብርጭቆም አስቀመጠበት። ጥበቃውም ይኼማ ጠረጴዛ ነው ብሎ በሩን ራሱ ከፈተለት። ስድስት ጠረጴዛ አስገባን። አንዱ ጠረጴዛ ሲወጣ ስለጮኸ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ሲምባል ነበር።

ሦስተኛ፣ ግድግዳው ላይ ስላለችው ሣጥን። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት አላት፤ ድምፅ ሲበዛ ቀይ ታበራለች፣ ቀዩ አምስት ሰከንድ ከቆየ የመድረኩን ኤሌክትሪክ ትቆርጣለች። የጎረቤትን ሰላም መጠበቅ መልካም ነው፤ የአዳራሹ ጎረቤት ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ መጋዘን መሆኑ ሐሳቡን አያሳንሰውም። ከዝግጅቱ ሦስት ቀን በፊት ባንዱ በባዶ አዳራሽ ተፈተነ። የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ የተኛ ሕፃን ራስ የሚዳብስ እስኪመስል ድረስ ክሮቹን እየነካካ ነበር። አረንጓዴ ሆነ፣ ማኅተም ተመታ፣ አለፍን። ለእንግዶቹ ፈተና እንደሚያስፈልግ ግን ማንም አልነገረንም።

አራተኛ። ይህ ቁጥር ትንሽ ስለሚረዝም በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሰማንያ ያህል ሰው ተሰበሰበ። አባቴ ቀኝ ጆሮውን ወደ መድረኩ አዙሮ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እናቴ በግራው ነበረች፣ ለእሷ ጆሮ አያስፈልገኝም ብሎ ይቀልድባታል። ሁለት ዘፈን ተዘፈነ። በእግሩ ሲመታ ሳየው ቅጽዎንም፣ ሊፍትዎንም፣ እርስዎንም ይቅር አልኩ። ሦስተኛው ዘፈን እናቴን ያገባ ዕለት ራሱ የተጫወተው ነበር። ድምፃዊቷ እንደጀመረች ሻምበል ከመድረኩ ወርዶ፣ ለእኔም ሳይነግረኝ ይዞት የመጣውን ሳክስፎን አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠ። አባቴ የራሱን ሳክስፎን ከተወ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ተነሣ። ሰማንያ ሰው አብሮት ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ፎጨ፣ የፋብሪካ ጓደኞቹማ ወንበር ደበደቡ።

ሣጥንዎ ቀይ አበራች። ባንዱ ሳይሆን ጭብጨባው ነው፤ ሣጥኗ ግን ማንን እንደምትቀጣ አትመርጥም። አምስት ሰከንድ ቆጥራ ቆረጠች። ማይክሮፎኑ፣ ኪቦርዱ፣ ቤዙ፣ ሁሉም ጸጥ አሉ። ሰዉም ደንግጦ ጸጥ አለ።

ክቡር ሆይ፤ እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። ቀን ነው፤ በመስኮቶቹ ፀሐይ ሞልቶ ገብቷልና መብራት መጥፋቱን ዓይን አይነግርም። ድራመሩ በዚያ ዘፈን ውስጥ የሚገባው ከሳክስፎኑ በኋላ ስለሆነ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አባቴ የሚያየው የድምፃዊቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ የቤዝ ተጫዋቹ ጣት ሲመላለስ ነው። የሚሰማው ምንም። ሐኪሙ የነገረው ቀን በዚያች ደቂቃ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የደረሰበት መሰለው። ፊቱ አመድ ሆነ። ሳክስፎኑን ሕፃን እንደሚያስረክብ ሰው ቀስ አድርጎ ለሻምበል መለሰና ተቀመጠ። እናቴን አይቶ «አለቀ» አላት።

ሮጬ ቀኝ ጆሮው ላይ ተደፋሁና መብራት ነው፣ መብራት ነው የጠፋው ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም፤ ሰምቶም እንደሆነ አላመነኝም። የፋብሪካ ጓደኞቹ ነገሩ ገባቸውና አብረውኝ ጮኹ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ሰማንያ ሰው በአንድ ድምፅ «መብራት ነው! መብራት ነው!» አለ። አባቴ ቀና ብሎ እያንዳንዳችንን አየ። ከዚያ ሳቀ። አልቅሶም ነበር፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ እንዲህ የተደሰተ ሰው አላየሁም፤ ለዚህ እርስዎን ማመስገን ካለብኝ አመሰግናለሁ።

ኃይሉን የሚመልሰው ቁልፍ በመሳቢያዎ ውስጥ እንደሚቀመጥና ቅዳሜ ከሰዓት መሳቢያዎም እንደሚያርፍ የነገረን ጥበቃው ነው። እኔ የምጠብቀው በር ነው እንጂ መብራት አይደለም አለን፤ እውነቱን ነው። ለአስቸኳይ ጉዳይ ተብሎ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ዐሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ጥሪው ከወለሉ በታች ካለው ቢሮዎ ለእኛ ሁሉ ይሰማን ነበር።

እንግዲህ የጠየቁኝን ማብራሪያ ላቅርብ። ኃይል ከተቋረጠ በኋላ ሙዚቃው የቀጠለው ሳክስፎን የሚሠራው በትንፋሽ ስለሆነ ነው፤ የአባቴን ትንፋሽ የሚዘጋ ቁልፍ ደግሞ በመሳቢያዎ ውስጥ የለም። አባቴ ሳክስፎኑን ከሻምበል መልሶ ወስዶ ነፋ፤ እንግዶቹም ወንበራቸውን ትተው ዙሪያውን ቆሙ። ድራመሩ በመዳፉ ብቻ እየመታ አጀበው፣ ድምፃዊቷ ቀኝ ጆሮው ሥር ቆማ ዘፈነችለት። ሁለት ቦታ ላይ ሳተ፤ ሻምበል እንዳልሰማ አለፈው። ሣጥንዎ እስከ መጨረሻው ቀይ እንደበራች ነበረች።

ይህ ከሆነ አንድ ወር ሊሞላው ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት እናቴ ከጓዳ ስትጠራው አልመጣም፤ ቀኙም ተዘግቷል። ብዙ አላዘነም። የመጨረሻ የሰማሁት ጥሩ ነገር ያ ነው እያለ ለጠየቀው ሁሉ ይነግራል። እኔ ግን አዝኛለሁ፤ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ ብዬ ነው። አዳራሽዎም ዳግመኛ ስለማያስፈልገን እገዳውን ያለ ሐሳብ ይፈርሙት።

ለጠፉት ማመልከቻዎቼ፣ ለማኅተምዎ፣ ቅዳሜ ለሚያርፈው መሳቢያዎና ለማትሳሳተው ሣጥንዎ ያለኝን የማይቋረጥ አክብሮት እየገለጽሁ፣

ከሰላምታ ጋር፤
በዕቃነት የተመዘገበችውን ድምፃዊት ያስዘፈነችው የመካኒኩ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዎን ለአባቴ አሳየሁት። «የዝግጅቱ ባለቤት የመሣሪያውን ማስጠንቀቂያ አልሰማም ብሎ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር እንድጠይቅለት አዘዘኝ። እሱ ላለመስማቱ የሐኪም ማስረጃ አለው፤ ግልባጩን አያይዤዋለሁ። ዐሥራ አንድ ጊዜ የጠራውን ስልክ ያልሰማው ቢሮዎ ማስረጃውን ከየትኛው ሐኪም እንዳወጣ ቢነግሩት፣ ጥሩ ባለሙያ ከሆነ እሱም ሊሄድበት ይፈልጋል።