ስማቸው ከሎጁ ሰሌዳ ይውረድ
የወይዘሮ ፊሎሚን ካሲሚር አጭር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፊሎሚን ካሲሚር ከአባታቸው ከአቶ ባፕቲስትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዴሊን እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1938 በካናዳ ተራሮች መካከል፣ በቴልኩስ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር ተወለዱ። ቀኑን የጻፈው ሰው የለም። እናታቸው ግን ቀዩ ሳልሞን ከባሕር ወደ ሐይቁ መግባት የጀመረበት ሳምንት እንደነበር፣ ምጥ ይዟቸው እንኳ የዓሣ ቢላዋቸውን እንዳላስቀመጡ ይናገሩ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በግዳጅ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ቋንቋቸውን በተናገሩ ቁጥር ተገረፉ። ዓርብ ዓርብ ከበርሜል የወጣ፣ ጨው የበላው ዓሣ ይቀርብላቸው ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ ሳልሞን እየተጋፋ ሲወጣ! ይህን ሰምቶ "ያለፈ ነገር ነው" የሚል ካለ፣ ያለፈው ለእርሱ ነው። ስምንት ዓመት ቆይተው በ1953 ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በ1957 ከአቶ ሌዮን ካሲሚር ጋር ትዳር መሥርተው ሮዛሊን፣ ኮሪንንና ኤልዚርን ወለዱ። እናታቸው ባረፉ ጊዜም የመጀመሪያውን ዓሣ የማካፈል ኃላፊነት ተረከቡ። በእኛ በሐይቁ ሰዎች ዘንድ የዓመቱን የመጀመሪያ ሳልሞን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ሳይቀምሰው፣ አጥንቱም ወደ ውኃው ሳይመለስ ሌላ መረብ አይጣልም። ያንን አንድ ዓሣ ከስልሳ ዓመት በላይ ለመንደሩ ያዳረሱት እርሳቸው ናቸው። ድርሻችን ጥፍር ብታህልም የቀረበት ሰው አልነበረም። በብርዱ ወራት ደግሞ በረዶውን በስተው ትራውት የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ እያወጡ ለአቅመ ደካሞች ያድሉ ነበር።

በ1964 የመንግሥት ዓሣ ጠባቂ መረባቸውን ቆራርጦ ጀልባቸውን ወሰደ። ጥፋታቸው ምን ነበር? በመረብ ማጥመዳቸው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ውኃ ላይ በሐይቁ ዳር ባለው የቱሪስት ማረፊያ፣ በሎጁ፣ ያረፉ እንግዶች ትራውቱን በመንጠቆ አፉን ቀደው፣ ፎቶ ተነሥተውበት፣ መልሰው ይወረውሩት ነበር። የእነርሱ ስፖርት ተባለ፤ የአክስቴ የፊሎሚን ግን ወንጀል ሆነ። ዳኛው ፊት ቆመው "ጌታዬ፣ እኔ የያዝኩትን እበላለሁ። በእህል አይቀለድም ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። የሚቀልዱትን ትታችሁ እኔን ትከሳላችሁ?" አሉ። ሦስት ሳምንት ታሰሩ። በተፈቱ ማግሥት አዲስ መረብ መሥራት ጀመሩ።

አሁን ወደሚያንገበግበን ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው መጋቢት የሎጁ ባለቤት ሚስተር ሃልቨርሰን አክስቴ ቤት መጡ። በየዓመቱ የሚያዘጋጁትን ዓሣ ይዞ የመልቀቅ ውድድር "የእማማ ፊሎሚን ዋንጫ" ብለው ለመሰየም ፈቃድ ጠየቁ። አክስቴ መልስ አልሰጡም። የሳልሞን ቋንጣ አቀረቡ፣ ስለ በረዶው አወሩ፣ "እስቲ ይድገሙ" አሉ። በእኛ አገር እንግዳን በገዛ ቤት "አይሆንም" ማለት ነውር ነው፤ ጥያቄውን በዝምታ አልፎ ማብላት እምቢታ መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ሠላሳ ዓመት አብረውን የኖሩት ሚስተር ሃልቨርሰን ግን ጠግበው ሄዱና፣ በሰኔ የአክስቴን ፎቶግራፍና ስም የያዘ ትልቅ ሰሌዳ ከመንገዱ በላይ ሰቀሉ። መታመማቸውን ሰምተው ኖሮ ከሥሩ "ለመታሰቢያቸው" ብለው ጽፈዋል። አክስቴ በሕይወት ነበሩ!

ወሬው ሆስፒታል ድረስ ደረሰ። "ምናለ አንድ ቀን እንኳ ባለጌ በሆንኩ!" ብለው አለቀሱ። ኩላሊታቸው ሲደክም ያላለቀሱት ሴትዮ! "ክላረንስ፣ አንተ ልጅ፣ አስወርድልኝ። ዓሣ ለሚያሰቃዩ ሰዎች ስሜን ሰጥቼ፣ በምን ዓይኔ ነው እናቴን የማያት?"

ሄድኩ። ሚስተር ሃልቨርሰን "እንዴ፣ አክስትህ እኮ ተስማምተዋል፤ አብልተውኝ የለም ወይ?" አሉኝ።

"የበሉት እኮ እምቢታቸውን ነው" አልኳቸው።

ሳቁ። "በል እሺ፣ ከቀብሩ በኋላ እንነጋገርበታለን" አሉኝ። ከቀብሩ በኋላ! ሰው ገና እየተነፈሰ!

ወይዘሮ ፊሎሚን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መስከረም 11 ቀን 2022 በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሦስት ልጆች እናትና የዘጠኝ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ሌዮን ቀድመዋቸዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸው ጎን ያሳርፍ፤ እኛንም ለቃላቸው ያብቃን።

ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በሰሌዳው ሥር ያልፋል፤ ሌላ መንገድ የለም። ሳጥኑን የምንሸከመው ስድስታችን ተማክረናል። እዚያ ስንደርስ መሬት እናስቀምጠዋለን፤ ሰሌዳው ሳይወርድ አንድ እርምጃ አናልፍም። ሚስተር ሃልቨርሰን አበባ ይዘው እንደሚመጡ ልከውብናል። እግዜር ይስጥልን፤ አበባውን ለሌላ ሰው ያስይዙና እርሳቸው መሰላል ይዘው ይቅደሙን። አክስቴ በቤታቸው ሊናገሩት ያፈሩትን ቃል እኔ በቤተ ክርስቲያን፣ በሰው ሁሉ ፊት እናገርላቸዋለሁ፦ አይሆንም።